በጨለማ ለአሳማና ለካዮቲ አደን የሚሆን ስኮፕ አመራረጥና አገጣጠም

ቴክሳስ ውስጥ ከብት አርቢ ወዳጅ ያለው ሐበሻ ውሎ አድሮ ይህ ጥያቄ ይደርሰዋል፤ «አሳማዎቹ ማሳዬን ገለባበጡት፣ ካዮቲውም ጥጃ እየበላብኝ ነው፣ መጥተህ ብትረዳኝስ?» (ካዮቲ ቀበሮ የሚመስል የዱር እንስሳ ነው።) ሰውየው ደስ ይለዋል። ካገኘው ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽር) ሁሉ ትልቁን ገዝቶ ይሄዳል። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አሳማዎቹ ከጫካው ይወጣሉ። እሱ ግን በስኮፑ ውስጥ የሚያየው ጥቁር ክብ ብቻ ነው።

ይህን ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ፣ ጓደኞቼም ሠርተውታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ። በተለይ 4ኛውንና 6ኛውን ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ከስኮፑ በፊት ሕጉን ጨርሱ

ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1፣ 2019 ጀምሮ በግል መሬት ላይ፣ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ፣ የዱር አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ አይጠይቅም። ካዮቲ ግን ሌላ ነው። ከብት እያጠቃ ካልሆነ በቀር ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በግል መሬት ላይ ሌሊት ማደን ይቻላል። የመንግሥት መሬት የራሱ ሕግ ስላለው ይህን እዚያ ላይ አትገምቱ። ከሕዝብ መንገድ ላይ መተኮስ ክልክል ነው። ጥይታችሁ ያለፈቃድ የጎረቤትን አጥር ተሻግሮ ካለፈም ወንጀል ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ በመሠረቱ ክልክል ነው። ካሉት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። እንግዲህ «ለአሳማ ፈቃድ አያስፈልግም» ብሎ ባዶ እጁን የሄደ ባለ ቪዛ፣ ጠመንጃውን በመያዙ ብቻ ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው በዚህ በኩል እንደ ዜጋ ነው የሚታየው። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ከሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። አንድ ስልክ ነው።

ሌላም አለ። አብዛኞቻችን አሳማ አንበላም። ሥጋው ምን እንደሚሆን ከባለ መሬቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስትጎትቱት የላስቲክ ጓንት አድርጉ፤ የዱር አሳማ ወደ ሰው የሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይይዛል።

ደረጃ 2፦ ርቀቱንና ሰዓቱን ጻፉ

ወረቀት አውጡ። ቀን ሄዳችሁ የምትቀመጡበትን ቦታ እዩ። የበቆሎ መጋቢው (አሳማ ለመሳብ በቆሎ የሚበትነው ዕቃ) ስንት ያርድ ላይ ነው? የጫካው ጠርዝስ? በርቀት መለኪያ ለኩና ጻፉ። ከዚያ እንስሳቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ባለ መሬቱን ጠይቁ። ፀሐይ በጠለቀች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ? ስኮፑን የሚመርጥላችሁ ይህ መልስ ነው።

አሳማ መጋቢ ላይ ሲመጣ ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ያርድ አያልፍም። ለዚህ ከ3 እስከ 6 ያለ ማጉያ ይበቃል። ካዮቲ በጥሪ ድምፅ ይቀርባል፣ ነገር ግን ጠርጣራ ነው። ነፋሱን ለማሽተት ዙሪያውን ይዞራል፣ ራቅ ብሎም ሊቆም ይችላል። ሰውነቱም ትንሽ ነው። ለ200 ያርድ ከ8 እስከ 10 ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለዚህ ሥራ ትርፍ ነው። እንዲያውም ይጎዳል፤ ለምን እንደሆነ በደረጃ 4 ታያላችሁ።

ደረጃ 3፦ መስታወት፣ ዲጂታል ወይስ ተርማል?

ሦስቱ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

የመስታወት ስኮፕ ለንጋት፣ ለምሽትና ለሙሉ ጨረቃ ይሆናል። ከ300 እስከ 600 ዶላር ጥሩ ነገር ይገኛል። ደመና ከሸፈነ ወይም ጨረቃ ከሌለ ግን ያለ መብራት አትሠሩበትም። ጠመንጃው ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ መብራት ገጥሞ የሚያድን ብዙ ሰው አለ። በ100 ያርድ ውስጥ ይሠራል።

ዲጂታል ናይት ቪዥን ካሜራ ነው። ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል፣ የተመለሰውን በስክሪን ያሳያል። 850 ናኖሜትር የሚለው መብራት ሩቅ ይደርሳል፣ ነገር ግን ፊት ለፊት ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታያል። 940 የሚለው አይታይም፣ ርቀቱ ግን ያጥራል። ፊታችሁ ረጅም ሣር ካለ ብርሃኑ ሣሩ ላይ ተመልሶ ስክሪኑን ነጭ ያደርገዋል።

ተርማል ሙቀት ነው የሚያየው። ድቅድቅ ጨለማ አያግደውም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ እስከ 5,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይወጣል።

በወረቀታችሁ ላይ «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚል ከተጻፈ የመስታወት ስኮፕ ግዙና ቀሪውን ገንዘብ ኪሳችሁ አኑሩ። «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ካለ ተርማል ያስፈልጋችኋል። ሁሉንም በአንዴ ለማድረግ መሞከር ብዙ ሰው የሚከስርበት ቦታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለወንድሜ አገር ቤት ልውሰድለት» ብላችሁ ስኮፕ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። የጠመንጃ ስኮፕ፣ በተለይም ናይት ቪዥንና ተርማል፣ በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ ሥር ናቸው።

ደረጃ 4፦ የብርሃኑን ክብ አስሉ

ስኮፕ ብርሃን አይጨምርም። የገባውን ያሳልፋል፣ ከዚያውም ጥቂቱን ያባክናል። ዓይናችሁ ላይ ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው አንድ ቀላል ስሌት ነው። የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ውሰዱ፣ ለማጉያው ቁጥር አካፍሉ። ውጤቱ ከስኮፑ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው።

ክቡን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስኮፑን ከጠመንጃ ውጭ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙትና ከኋላ ተመልከቱ። መሃሉ ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ አለ። ማጉያውን ከፍ ስታደርጉ ክቡ እየጠበበ ሽምብራ፣ ቀጥሎ ምስር ያክላል። ዝቅ ስታደርጉት ይሰፋል። ወደ ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን ያ ክብ ነው።

በጨለማ የወጣት የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ 5 ይጠጋል። እንግዲህ ክቡ ከ5 በታች ከወረደ ምስሉ ይጨልማል። ከ7 በላይ ቢሆን ደግሞ ትርፉ ብሌናችሁ ውስጥ አይገባም።

በቁጥር እንየው። «3-9x40» ማለት ማጉያው ከ3 እስከ 9፣ የፊተኛው ሌንስ 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

- 3-9x40፦ በ9 ላይ 4.4፣ በ6 ላይ 6.7 ሚሊሜትር።
- 3-12x56፦ በ12 ላይ 4.7፣ በ8 ላይ 7።
- 6-24x50፦ በ24 ላይ 2.1 ብቻ፣ በ10 ላይ 5።
- 1-6x24፦ በ6 ላይ 4፣ በ4 ላይ 6።

የመጀመሪያ ስኮፔ 6-24x50 ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ስምንት አሳማ በባዶ ዓይኔ ይታየኛል፣ በስኮፑ ግን ምንም የለም። ተበላሽቷል ብዬ አወረድኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ባለ መሬት አንድም ቃል ሳይናገር እጁን ዘረጋና የማጉያውን ቀለበት ከ24 ወደ 8 አዞረው። አሳማዎቹ ወጡ። ጆሯቸው ሳይቀር ይታይ ነበር። ያን ሌሊት ያወቅሁትን ነገር ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያወጣሁትን 800 ዶላር ግማሽ ያተርፍልኝ ነበር።

ለመስታወት ስኮፕ የኔ ምርጫ 3-9x40፣ በጀት ካለ ደግሞ 3-12x56 ነው። 56ቱ ከባድ ነው፣ ከፍ ብሎም ይቀመጣል፤ ዞር ዞር እያሉ ለሚያድኑ አይመችም። ተቀምጦ ለሚጠብቅ ግን ምሽት ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ሣጥኑ ላይ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚል ፈልጉ። ቅብ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጽ 4 ከመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል፣ ስኮፕ ውስጥ ደግሞ ብዙ ገጽ አለ። «ኮትድ» ብቻ የሚል ከሆነ እለፉት። ሻጭ «30 ሚሊሜትር ቱቦ ብዙ ብርሃን ያስገባል» ቢላችሁ አትቀበሉ። ወፍራሙ ቱቦ የሚሰጠው ሰፊ የማስተካከያ ቦታ ነው።

ደረጃ 5፦ መስቀሉ በጨለማ ይታያል?

እንስሳው ታይቶ መስቀሉ (ስኮፑ ውስጥ የሚነጣጠርበት መስመር) ካልታየ ምንም አልሠራችሁም። ቀጭን የፀጉር መስመር ያላቸውን ተዉ። ዳር ዳሩ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጠን ያለ ምረጡ። መሃሉ ላይ የምትበራ ነጥብ ያስፈልጋችኋል።

ነጥቧ በጣም ዝቅ ማለት መቻል አለባት። ጨለማ ክፍል ገብታችሁ በዝቅተኛው ቁጥር አብሯት። ዙሪያዋን ካደመቀች ወይም ዓይናችሁን ካጭበረበረች ለሌሊት አትሆንም። ብሩህ ነጥብ የዓይን ብሌንን ያጠብባል፣ ያኔ በደረጃ 4 ያተረፋችሁትን ብርሃን መልሳችሁ ታጡታላችሁ።

«ፈርስት ፎካል ፕሌን» የሚባለው ዓይነት መስቀሉ ከማጉያው ጋር አብሮ ያድጋል፣ አብሮም ያንሳል። እናንተ ደግሞ ሌሊት የምትሠሩት በዝቅተኛ ማጉያ ነው። መስቀሉ ያኔ ሸረሪት ድር ይሆናል። ለዚህ ሥራ መስቀሉ መጠኑን የማይቀይረው «ሰከንድ ፎካል ፕሌን» ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ አትፈትኑ፣ ምሽት ላይ ፈትኑ

በሱቅ መብራት የ100 ዶላሩም የ1,000 ዶላሩም ስኮፕ ቆንጆ ነው። መመለስ ከሚፈቅድ ሱቅ ግዙ። ከገዛችሁ በኋላ ወዲያው አትግጠሙ፤ ብሎን ምልክት ካረፈበት ላይመልሱት ይችላሉ።

1. ቡናማ ካርቶን ውሰዱ፣ 60 በ40 ሴንቲሜትር የሚሆን። መሬቱ ላይ 100 ያርድ ርቃችሁ ከዛፍ ጥላ ሥር አቁሙት።
2. ስኮፑን ብቻውን፣ ያለ ጠመንጃ፣ አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፉ።
3. ማጉያውን ክቡ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር በሚሆንበት ቁጥር ላይ አድርጉ።
4. ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየ5 ደቂቃው ተመልከቱ። ስልካችሁን አትክፈቱ፤ ዓይን ከጨለማ ጋር እስኪላመድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል።
5. ቀድሞ የጠፋው የትኛው ነው? ሰዓቱን ጻፉ።

መስቀሉ ካርቶኑን ቀድሞ ከጠፋ ችግሩ መስቀሉ ነው። ነጥቧን አብሩና ድገሙት። ካርቶኑ ቀድሞ ከጠፋ ክቡ 7 ሚሊሜትር እስኪሆን ማጉያውን ዝቅ አድርጉ። አሁንም ከጠፋና እንስሳቱ ከዚያ ሰዓት በኋላ የሚመጡ ከሆነ፣ ያ ስኮፕ ለእናንተ አይሆንም። መልሱት።

ይህን በአፓርታማ በረንዳ ላይ አትሞክሩ። ጎረቤት ስኮፕ ብቻ መሆኑን አያውቅም፣ ፖሊስ ይጠራል።

ደረጃ 7፦ ተርማል ከመረጣችሁ

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ የሴንሰሩ ጥራት በፒክስል (የምስል ነጥቦች ብዛት)፦ 256፣ 384 ወይም 640። ለመጋቢ አሳማ 256 ሊያገለግል ይችላል። ካዮቲን ከውሻ ለመለየት ግን 384 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው እላለሁ። ሁለተኛ መነሻ ማጉያው። ዲጂታል ዙም ምስሉን ይቆራርጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም፤ ስለዚህ ሳይጎላ ምን ያህል እንደሚያሳይ ጠይቁ። ሦስተኛ የምስሉ ፍጥነት፤ 50 ኸርትዝ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ አለበለዚያ የሚሮጥ እንስሳ ይንቀጠቀጣል።

ማስታወቂያው ላይ «1,800 ሜትር ያያል» ቢል ያ ርቀት «አንድ ትኩስ ነገር አለ» የሚባልበት ነው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ርቀቱ እጅግ ያንሳል። ጭጋግና ከባድ ዝናብም ያደክሙታል። ተርማል በመስታወት ውስጥ አያይም፣ ስለዚህ ከመኪና መስኮት ጀርባ ሆናችሁ «አይሠራም» አትበሉ።

ደረጃ 8፦ መግጠም

ጥይቱን አውጡ። የጠመንጃው የጥይት ቤት ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ብሎኖቹንና ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚይዙትን ቀለበቶች ከዘይት አጽዱ።

ስኮፑን በቀለበቶቹ ላይ ላላ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በፊተኛው ሌንስና ከሥሩ ባለው የጠመንጃው በርሜል መካከል ክፍተት ይኑር። ማጉያውን ከፍተኛው ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ፣ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ክፈቱ። ምስሉ ሙሉ ክብ ካልሆነ ራሳችሁን ሳይሆን ስኮፑን አንቀሳቅሱ። ከዓይን እስከ ስኮፕ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። በጣም ከቀረበ ሲተኮስ ቅንድባችሁን ይሰነጥቀዋል።

መስቀሉ ቀጥ ማለቱን በውኃ ልክ አረጋግጡ። የቀለበቱን ብሎኖች በየተራ፣ በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። በቶርክ ካቻቢቴ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ካቻቢቴ) ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ነው፤ የቀለበታችሁ ወረቀት ሌላ ካለ ወረቀቱን ተከተሉ። በጉልበት ማጥበቅ ቱቦውን ይጨፈልቃል።

ከዚያ የኋላውን የዓይን ማስተካከያ ቀለበት አዙሩ። ባዶ ሰማይ እዩ፣ ፀሐይን ግን በፍጹም። ለአንድ ሰከንድ ብቻ ተመልከቱ፣ ዞር በሉ፣ አስተካክሉ፣ ድገሙ። ትኩር ብላችሁ ከቆያችሁ ዓይናችሁ ራሱ ያስተካክለውና ያታልላችኋል።

ደረጃ 9፦ ዜሮ ማድረግ

ዜሮ ማድረግ ማለት ጥይቱ መስቀሉ ያረፈበት ቦታ እንዲመታ ማስተካከል ነው። በ25 ያርድ ጀምሩ፣ ትልቅ ወረቀት ላይ። አንድ ተኩሱ። የት እንደመታ ለኩ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስተካከያው ላይ «1 ክሊክ = 1/4 ኢንች» የሚለው ለ100 ያርድ ነው። በ25 ያርድ አንድ ክሊክ የሚያንቀሳቅሰው 1/16 ኢንች ብቻ ነው። ጥይቱ 3 ኢንች ወደ ግራ ከሄደ 12 ሳይሆን 48 ክሊክ ወደ ቀኝ ያስፈልጋል። በ12 ክሊክ አቁሞ «ስኮፑ አይታዘዝም» የሚል ስንት ሰው አይቻለሁ።

በ25 ያርድ 1 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ሲመታ ወደ 100 ያርድ እለፉ። ሦስት ሦስት ተኩሱ፣ የሦስቱን መሃል ይዛችሁ አስተካክሉ። አንዷን ጥይት አታሳዱ። በርሜሉ ሲሞቅ አሳርፉት። ለአደን በምትይዙት ጥይት ዜሮ አድርጉ፣ በርካሹ አይደለም።

ለተርማል ወረቀት አይታይም። መሃሉ ላይ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ለጥፉበት።

ደረጃ 10፦ መጀመሪያው ሌሊት

ስኮፕ መፈለጊያ አይደለም። በስኮፕ ስትቃኙ አፈሙዙም አብሮ እየቃኘ ነው፤ ቤት ላይ፣ ሰው ላይ፣ ላም ላይ። ለመቃኘት ባይኖኩላር ወይም የእጅ ተርማል ያዙ። ጠመንጃ የሚነሣው እንስሳው ምን እንደሆነ ከታወቀ፣ ከጀርባውም ምን እንዳለ ከታወቀ በኋላ ነው።

አሳማ አንገቱ ተለይቶ አይታይም፤ ራሱ ከትከሻው ጋር የተያያዘ ነው። ጥጃ አንገትና ረጅም እግር አለው። ካዮቲ ሲሮጥ ጭራውን ዝቅ ያደርጋል። ብዙ አርቢዎች ካዮቲን የሚያባርሩ ውሾችና አህዮች መስኩ ላይ ያሰማራሉ፣ ስለዚህ ስንት እንዳሉና የት እንደሚያድሩ ቀን ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ ቃታ አትንኩ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ምስሉ ዳር ዳሩ ጥቁር ነው።* ራሳችሁ ርቋል ወይም ቀርቧል። ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ፣ የክረምት ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ለኩ። ወፍራም ልብስ ርቀቱን ይቀይረዋል።

*ትናንት ዜሮ ነበር፣ ዛሬ ይስታል።* መጀመሪያ ብሎኖቹን ፈትሹ። በየብሎኑ ራስ ላይ ቀድማችሁ በቀለም መስመር ብታሰምሩ መላላቱ ወዲያው ይታያል።

*ሌንሱ ጉም ለበሰ።* በትንፋሻችሁ ወይም ከሞቀ መኪና በመውጣቱ ነው። ስኮፑን አደን ከመጀመሩ 30 ደቂቃ በፊት ውጭ አውጡት። በሸሚዝ አትጥረጉት። ጉሙ ከውስጥ ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል፣ ወደ ፋብሪካው ላኩት። ቮርቴክስና ሊዮፖልድ የተባሉት ስኮፕ ሠሪዎች ለመስታወት ስኮፖቻቸው የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ።

*ነጥቧ አትበራም።* ባትሪ። አንድ ትርፍ ባትሪ ሰደፉ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ብርድ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል፣ የተርማሉን ትርፍ ባትሪ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት።

*በተርማል የማይንቀሳቀሱ ብዙ «እንስሳት» ይታያሉ።* ቀን ፀሐይ ያሞቃቸው ድንጋዮችና ግንዶች ናቸው። ጠብቁ፣ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ይቀዘቅዛሉ። እስከዚያ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ተከታተሉ።